ድንጋዩ ያመጣቸው እንግዶች

ኖትቡርጋ ከፍየሎቿ በረት ስትወጣ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ደጃፏ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ጫማቸውን ሲፈቱ አገኘቻቸው። ባልና ሚስት ናቸው። ፀሐይ ፊታቸውን ቲማቲም አስመስሎታል። ምርኩዞቻቸውን ከግድግዳዋ አስደግፈው፣ ቦርሳቸውን ወዲያ ጥለው፣ የገዛ ቤታቸው ያህል ተዝናንተዋል።

ሰውየው እንዳያት ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። «እማማ፣ ሁለት ሾርባ ይስጡን። አሬራም ካለ አንጠላም።»

ኖትቡርጋ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ተድራ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ሾርባ ያዘዛት ሰው ቢኖር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሏ ካስፓር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እንዲህ በድፍረት አልነበረም።

«ምን አልከኝ?»

«ሾርባ…» ሰውየው ፈራ ተባ ማለት ጀመረ። «የተራራው ማረፊያ ይሄ አይደለም እንዴ? ምልክቱ ወደዚህ ነው የመራን።»

«የምን ምልክት? ይሄ የሰው ቤት ነው! ማረፊያው ከጫካው በላይ ነው፤ ገና ዳገቱ ይጠብቅሃል። እናንተ የከተማ ሰዎች ዓይን የተሰጣችሁ ስልክ ልታዩበት ብቻ ነው?»

ሴትየዋ ደንግጣ ጫማዋን መልሳ ልታጠልቅ ጎንበስ አለች። ተረከዟ ተልጦ ካልሲዋ ደም ነክቶታል። ኖትቡርጋ አየችው። ይህች ሴት እንዲህ ናት፤ አፏ እሳት ነው፣ ሆዷ ግን ቡቡ።

«ተቀመጪ!» ብላ ጮኸችባት። «በዚህ እግርሽ ወዴት ልትደርሺ ነው? ተቀመጪ ብያለሁ!»

ከትናንት የተረፈ ሾርባ ነበራት፤ ጡጫ ጡጫ የሚያክል የዳቦ ድቡልቡል የተቀቀለበት። አሙቃ ሰጠቻቸው። ተረከዙንም በጨርቅ አሰረችላት። በልተው ሲያበቁ ሰውየው ኪሱን እየዳበሰ «ስንት ነው?» ሲላት «እንጨት ነው» አለችውና መጥረቢያው ያለበትን በአገጯ አሳየችው። ሰውየው ሙኒክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም መሆኑን ነገራት፤ መጥረቢያ ጨብጦም አያውቅም።

«ጥርስ የነቀለ ሰው ግንድ አያቅተውም» አለችው።

የጥርስ ሐኪሙ ላብ በላብ እስኪሆን ፈለጠ። ሚስቱ እየሳቀች ፎቶ አነሳችው። ሲሄዱ ሁለቱም ኖትቡርጋን አቅፈው ሳሟት፤ ሰው ካቀፋት ብዙ ጊዜ ስለሆናት እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

በማግስቱ አራት ሰዎች መጡ። በሠልስቱ ደግሞ ከነልጆቻቸው አንድ መንጋ። ሁሉም ሾርባ ይላሉ፣ ሁሉም ምልክት ይላሉ። ኖትቡርጋ በመጨረሻ ሽርጧን እንደታጠቀች ነገሩን ልታጣራ ወረደች።

ከሙረንታል መንደር የሚወጣው የእግር መንገድ ከግንቧ ጥግ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ቦዩ ወርዶ፣ ጭቃውን አቋርጦ፣ መልሶ ጌብሃርድ ወደሚባለው ሰው ማረፊያ ይወጣል፤ የተጓዡ መንገድ ያ ነው። ግራው ግን የእሷ የግሏ ነው፤ በግንቡ ሥር ሄዶ ግቢዋ ያልቃል። እዚያ መገንጠያው ላይ፣ አዲስ በተሠራው ግንብ ጥግ፣ አንድ የጥጃ ሆድ የሚያክል ድንጋይ ተገጥሟል። ድንጋዩ ላይ ቀይና ነጭ የመንገድ ምልክት ተቀብቷል፤ ከሥሩ ቀስት አለው። ቀስቱ ወደ ግራ ነው የሚያሳየው። ወደ እሷ ቤት።

«ወይ ጉድ!» አለች።

ነገሩ ወዲያው ገባት። በጸደይ ከላይ የወረደው የበረዶ ናዳ ግንቧን ጠራርጎት ነበር። የመንደሩ ኤክስካቫተር ነጂ ሎይስ መጥቶ፣ ናዳው ካመጣው ድንጋይ እየለቀመ መልሶ ሠራላት። ሲጨርስ «ባለ ቀለሙን ፊት ወደ ውጭ አድርጌልሻለሁ፤ ግንብሽ ድምቅ ይበል ብዬ» ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ፍየል ስታልብ ስለነበር ዞር ብላ አላየችም። ድንጋዩ ተራራው ላይ ሆኖ ለዘመናት ሰው ሲመራ የኖረ ነው። ሎይስ ደግሞ መልካም ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ማሰብ ግን ብዙም አይወድም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ ዕለት ሄዶ ለቪጊል ይነግር ነበር። የሙረንታልን መንገዶች የሚጠብቀው፣ ምልክቶቹንም የሚቀባው ቪጊል ነው። ኖትቡርጋም ልትነግረው አስባ መንገድ ጀምራ ነበር። ጥቂት ወርዳ ቆመች። ቆማ አሰበች። ከዚያ ዞራ ሽቅብ ወጣች፤ ቤቷ ስትደርስም ትልቁን ድስት ከቆጥ አወረደች።

ለቪጊል እንዳትነግረው ያደረጋት ነገር ነበራ። በፋሲካ ልጇ ኢርሚ ከኢንስብሩክ መጥታ፣ ኬክ ላይ ሳሉ፣ ነገሩን አውጥታዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ በጋ የመጨረሻሽ ነው። በመስከረም እኔ ጋ ትገቢያለሽ።»

«ምን ሆንኩና?»

«ምንም አልሆንሽም። ብትሆኚስ ማን ያውቃል? በረት ውስጥ ብትወድቂ ፍየሎቹ ናቸው የሚደውሉልኝ? ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤሽን ታች ጥሎ ነው የሚመለሰው። በዚህ በር ማን ያልፋል? አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ኖትቡርጋ አንድ ሰው ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ግን የምትጠራው አጣች። የኢርሚ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ማሞቂያ አለው፣ ሰገነቱ ላይ አንድ የሸክላ አበባ አለው። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ፍርሃት ነው። ኖትቡርጋ ግን ያን ሊፍት ስታስበው የገዛ ሬሳ ሣጥኗ ይመስላታል። ይኸውና እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ግንቧን አፍርሶ ሰው ላከላት። እና ይህን ሰው እንዴት አድርጋ ትመልስ?

ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም።

በጋው እንደዚያ ያለ በጋ ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ፍየሎቿን አልባ ሳትጨርስ ከግንቡ በኩል የምርኩዝ ኳኳታ ይሰማል። ሾርባ፣ አሬራ፣ የቼሪ ኬክ ታቀርባለች፤ ዋጋ ሲጠይቋት ሥራ ታዛለች። ከሽቱትጋርት የመጡ ሁለት ዳኞች ድርቆሽ ገለበጡላት። አንዲት የቪየና ኦፔራ ዘፋኝ በረቱን ጠረገችና እየጠረገች ስትዘፍን ፍየሎቹ ማመንዠካቸውን አቆሙ። አጥሩን አንድ ቄስ ጠገነው፤ ጥፍሩን በመዶሻ ሲመታ ያወጣውን ቃል ኖትቡርጋ ለማንም አልተናገረችበትም። ሰዎቹ በልተው፣ ሠርተው፣ ስቀው፣ ማረፊያው መኖሩንም ረስተው ወደ መንደር ይወርዳሉ።

«አይ እናንተ» ትላቸዋለች ወገቧን ይዛ፤ «በሀገራችሁ መጥረጊያ ጠፍቶ ነው እዚህ ድረስ የምትመጡት?»

የሚደንቀው ደግሞ፣ ተቆጥታ ባስተናገደቻቸው ቁጥር በማግስቱ ጓደኛ ይዘው ይመለሳሉ። ማታ ማታ ወገቧ ይቆረጣል። ግን ደስ ይላታል፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ ይላታል።

ጣጣው ቪጊል ነው።

ቪጊል ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቀለም ቆርቆሮው ጋር የተጋባ ሰው ነው። ቀይ ቆብ አድርጎ፣ ብሩሹን በቀበቶው ሸጉጦ፣ ሽማግሌ ነው እንዳይሉት ዳገት ላይ ይሮጣል። በሙረንታል ቀለሙ ያላረፈበት ድንጋይ ቢኖር ገና ከመሬት ያልወጣ ድንጋይ ነው። የሚኮራበት አንድ ነገር አለ፤ በእሱ መንገድ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ይህንን ለማያውቀው ሰው ይነግራል፤ ለሚያውቀው ሰውም ደግሞ ይነግራል።

ኖትቡርጋ ቀዩን ቆብ ከመስኮት ባየች ቁጥር የአልጋ ልብሷን ይዛ ትሮጥና ግንቡ ላይ ታሰጣዋለች፤ ጫፉ ወርዶ ድንጋዩን ይሸፍነዋል። አንድ ቀን ቪጊል ሲወጣ በጣም ተክዞ ነበር። የአልጋ ልብሱ ላይ ተደግፎ፣ ልክ ከቀስቱ ላይ፣ መገንጠያው ዳር ቁጭ አለ። ኖትቡርጋ ከዚያ እንዳይነሳ ሮጣ አረቄ አመጣችለት።

«ይሄን የአልጋ ልብስ ስንቴ ነው የምታጥቢው?» አላት።

«ንጹሕ ሰው ነኝ። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?»

«አለቀልኝ፣ ቡርጊ» አላት ስሟን አሳጥሮ። አረቄውን ጨለጠው። «ጌብሃርድ በሰው ፊት አዋረደኝ። ‹ከመንደር ሃያ ሰው ይነሳል፣ እኔ ጋ አምስት ይደርሳል፣ ሾርባዬ ይበርዳል፣ ሰዎቼን የት አደረስካቸው?› ይለኛል። እኔ በላኋቸው? ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠሩኝና ‹ጋሼ ቪጊል፣ ዘንድሮ ይረፉ፤ ምልክቱን ስልክ የሚችል ወጣት ይያዘው› አሉኝ። የምስጋና ሰሌዳ ሊሰጡኝ ነው አሉ። ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል? ራሴ ላይ ልሰቅለው ነው?»

ኖትቡርጋ የሽርጧን ጫፍ መጠምዘዝ ጀመረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ምናልባት… ሰዎቹ ደክሟቸው ይሆናላ» አለች።

«አይደለም! አንድ ተንኮለኛ የውሸት ምልክት ቀብቷል። ቦዩን ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ፈትሼዋለሁ፤ የእኔ ምልክት ሁሉ ደህና ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ያን ምልክት የቀባ እጅ ይሰበር! ያም የተረገመ ቦይ!» ወደ ቀኝ በቁጣ ጠቆመ። «በየጸደዩ ይናዳል፣ በየጸደዩ እጠግናለሁ። ሁሉ የባልሽ ጥፋት ነው። አባቴ ‹መንገዱ በደረቁ፣ በግቢህ በኩል ይለፍ› ብሎ ቢለምነው ካስፓር በመንሽ አባረረው። ‹በግቢዬ ባዕድ አያልፍም!› ብሎ። ያን ጊዜ ነው ወደ ጭቃው የገባነው።»

«ካስፓር ሰው አይወድም ነበር» አለች ኖትቡርጋ ቀስ ብላ።

ይህን እያወሩ ሳለ አንድ ረጅም የሆላንድ ጎረምሳ ከታች ብቅ አለ። ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። «እማማ! ትናንት የገለበጥኩት ድርቆሽ ደረቀ?»

ቪጊል ቀና አለ። «ማን ነው?»

«የኢርሚ ጓደኛ ነው» አለች ኖትቡርጋ ሳታስብ። ጎረምሳውን ደግሞ በዓይኗ ልትበላው ደረሰች። «ደርቋል፣ ደርቋል! አንተ በቀኝ በኩል ሂድ! ማረፊያው በቀኝ ነው!»

ልጁ ግራ ገብቶት ኬክ ሳይበላ ወደ ጭቃው ወረደ። ቪጊል በኩራት ተከተለው በዓይኑ። «አየሽ? መንገድ የሚያውቅ ልጅ አለ ገና» አለ፤ ትንሽም ተጽናና። ኖትቡርጋ ግን አልተጽናናችም። ካስፓር ሲታመም በየሳምንቱ እንጨት ሲያመጣ የነበረው ይሄው ቪጊል ነው። ‹እነግረዋለሁ› ትላለች፤ ‹ዛሬ እነግረዋለሁ›። ከዚያ ሊፍቱ ትዝ ይላታል፤ ለነገ ታሳድረዋለች። ቢያንስ ኢርሚ መጥታ ግቢው በሰው ተሞልቶ እስክታየው ድረስ ልትቆይ ወሰነች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ይበሉ።

ኢርሚ ከማርያም ዕርገት በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ መጣች። መኪናዋን ታች አቁማ፣ የታጠፉ ካርቶኖች በብብቷ ይዛ፣ የእናቷን ዕቃ ልትጭን አስባ ወጣች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ግን ካርቶኖቹ ከብብቷ ሾለኩ።

አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ሕፃናት ፍየል ያሳድዳሉ። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የተነሳ ሳንቃ ይመታል። እናቷ መሐል ቆማ በጭልፋ ታዛለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ማነው?»

«አላፊ አግዳሚ ነዋ!» አለች ኖትቡርጋ። «በዚህ በር ማን ያልፋል አላልሽኝም? ጥሪልኝ ላልሽው ይኸውልሽ።»

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ። እግሬን ብታመም አንዷ ሐኪም ናት፣ ብሞት አንዱ ቄስ ነው።»

ኢርሚ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አንዲት ሴትዮም ሳትጠይቃት ኬክ ቆርሳ ሰጠቻት። ኖትቡርጋ የልጇ ትከሻ ቀስ እያለ ሲወርድ አየች። ይሄ ትከሻ ከፋሲካ ጀምሮ ጆሮዋ ሥር ነበር። ‹ተሳካልኝ› አለች በሆዷ፤ ‹ማርያምን፣ ተሳካልኝ።›

የፈሩት ይደርሳል። ከግንቡ በኩል አምስት ተጓዦች ብቅ አሉ። የመጨረሻው ሰፊ የፀሐይ ባርኔጣ አጥልቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሁለት ምርኩዝ እያንቀጫቀጨ ነበር የሚመጣው። አካሄዱ ግን ምርኩዝ የሚጠላ ሰው አካሄድ ነው። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ቪጊል ሆኖ ተገኘ። ተንኮለኛውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ፣ ከመንደር ጀምሮ ሰዎቹን ተከትሎ መውጣቱ ነው። ኖትቡርጋ ቀዩን ቆብ ስላላየች የአልጋ ልብሱ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ። «ግንቡ ላይ ነው! ምልክት አለ፣ ቀስት አለ፣ ወደዚህ ነው የሚመራው! ማን ነው የቀባው? ማን ነው ይሄን የ…»

ጣሪያው ላይ ያለው ሰውዬ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ቪጊል ተመልሶ ወደ መገንጠያው ወረደ፤ ኖትቡርጋና ኢርሚም ተከተሉት፣ ሌላው ሰው ደግሞ እነሱን። ድንጋዩ ፊት ተንበረከከ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ቀለሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«የቀስቱ የታችኛው ክንፍ አጭር ነው» አለ። «እኔ ስቀባ ሁልጊዜ ያጥርብኛል። ይሄ የእኔ እጅ ነው። ናዳው የበላው ድንጋዬ ነው!»

«እጁ ይሰበር ብለህ ነበርኮ» አለች ኖትቡርጋ፤ መሳቅም ማልቀስም እያማራት።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። አላየሁም፣ ሎይስ ነው የገጠመው፣ እኔ ምን አውቄ ብትል ማን ያስተባብላታል? ልጇ አጠገቧ ቆማለች። ቪጊል ግን ተንበርክኮ፣ አሳዛኝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሽቅብ ሲያያት መዋሸት አቃታት።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። «የአልጋ ልብሴን የማሰጣው አንተ እንዳታየው ነው። ጌብሃርድ ሲሰድብህ ሰምቼ ዝም አልኩ። ቀለምህን ሊቀሙህ መሆኑን ነግረኸኝ ዝም አልኩ። አንቺም ስሚ፣ ኢርሚ፤ ይሄ ሁሉ ሰው መንገድ ስቶ የመጣ ነው። ወደ እኔ ብሎ የተነሳ አልነበረም። ያንን ሊፍት ፈርቼ ነው የዋሸሁት። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ሰገነት ላይ ያለ አንድ አበባ ሳጠጣ መሞት አልፈልግም። በቃ። አሁን ቀለምህን አምጣና ሸፍነው፤ መሸፈን አለበት። የሰው ስም እየጠፋበት ነው።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ እንባዋን እንዳያዩባት።

ቪጊል ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ወደ ቀኝ ቦዩን አየው፤ ዝናብ ሳይኖር እንኳ ጭቃው ያብረቀርቃል። ወደ ግራ ደረቁን መስክ አየው፤ ከግቢዋ በስተጀርባ ሽቅብ እስከ ጫካው ድረስ ለጥ ብሎ ይታያል።

«አልሸፍነውም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የእኔ ምልክት ተሳስቶ አያውቅም ማለቴ ነው። ምልክቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መንገዱ ነው። መንገዱን እናመጣዋለን።» አፍንጫውን ጠረገ። «ከዚህ ገብቶ፣ በግቢሽ አልፎ፣ በመስኩ ወደ ጫካው ይወጣል፤ ከዚያ ጌብሃርድ ጋ። ጭቃ የለ፣ ናዳ የለ። ሰዎቹ ስለሚደርሱት ጌብሃርድም ይጠግባል፤ መጥገብ የሚያውቅ ከሆነ። ግን መሬቱ ያንቺ ነው። ባለመሬት ካልፈቀደ መንገድ አይወጣም።» ከዚያ ያን ባርኔጣ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አባቱ ካስፓርን እንደጠየቀው ሳይሆን አይቀርም፣ ጠየቃት። «ቡርጊ፣ በግቢሽ ሰው ይለፍ?»

ኖትቡርጋ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች።

ተጓዦቹ አጨበጨቡ። ኢርሚ ግን አላጨበጨበችም፤ እጇን አጣምራ ቆማለች። «ጋሼ ቪጊል፣ በጋውስ ይሁን። ክረምት ሲገባ፣ በረዶው መስኮት ሲደርስ ማን ያልፋል?»

«ምልክት በክረምትም ይፈተሻል» አለ ቪጊል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጀምሮ።»

«በየስንት ጊዜው?»

ቪጊል ኖትቡርጋን አየት አደረጋትና ጆሮው ድረስ ቀላ። «አዲስ ምልክት ስለሆነ… በየቀኑ ማየት ይሻላል።»

«ወይ አንተ ቀላማጅ!» አለች ኖትቡርጋ። ቀልቧ ተመልሶላታል። «ሾርባዬን ፈልገህ ነው።»

«ሾርባሽንም ጭምር ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጣሪያው ላይ የቀረው ሰውዬ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሮ ሳቀ። ቪጊል ጊዜ ማባከን የሚወድ ሰው አይደለም፤ ቆርቆሮውን ከቦርሳው አውጥቶ መቀባት ጀመረ። ግቢው በር ላይ አንድ፣ ከመስኩ መግቢያ አንድ፣ ከመስኩ መሐል ካለው ቋጥኝ ላይ አንድ። ሕፃናቱ ከኋላው እየተሯሯጡ «እዚህ! እዚህም!» ይሉታል። የጫካው አፍ ላይ የመጨረሻው ሲቀር ኢርሚ እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ፣ ይሄን እኔ ልቀባው።»

«ለምን?»

ኢርሚ ወዲያው አልመለሰችም። ብሩሹን ተቀብላ ቀዩ ውስጥ ነከረችው። «ሰው በበሯ አያልፍም ብዬ ስናደድ ነበር የከረምኩት» አለች እናቷን ሳታይ። «ለፋሲካ አንዴ፣ ለገና አንዴ የምመጣው እኔ ነኝ። መንገዱ ለእኔም ምልክት ያስፈልገዋል።»

ኖትቡርጋ ጠጋ ብላ ልጇ ስትቀባ ቆማ አየች። ቀዩ ከነጩ ተደባልቆ ወረደ፣ ቀስቱም ወደ ጎን ተንጋደደ። ቪጊል ሊያርመው እጁን ሲሰድ በጭልፋው መታችው።

«ተወው» አለችው። «ጠማማ ነው፤ ግን ያደርሳታል።»